በብስኩት ቆርቆሮ ቦሌ የገባች ዓሣ

አዲስ አበባ የሄድኩት ዓሣ ይዤ ነው። የአዋሳ ሰው ዓሣ ይዞ ቢሄድ ምን ያስደንቃል ትሉ ይሆናል። የኔዋ ግን ዘንቢል ውስጥ አልነበረችም፤ በብስኩት ቆርቆሮ፣ በዲስኬት ላይ ተጽፋ፣ በሻሽ ተጠቅልላ ነው የተጓዘችው። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኳት ትንሽ ፕሮግራም ናት። ፊደሎቿና ምልክቶቿ ስክሪን ላይ ሲደረደሩ ሆድ፣ ጅራትና ዓይን ያላት ዓሣ ስለሚሠሩ፣ በሐይቃችን ዳር ጠብሰን በምንበላት ዓሣ ስም ቆሮሶ አልኳት።

ሥራዋ ቀላል ነው። ትልቅ ፕሮግራም የሚጻፈው በብዙ ፋይል ተቆራርጦ ነው፤ እያንዳንዱም ፋይል ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ መተርጎም አለበት። አንዱን ፋይል ካስተካከላችሁ እሱኑ ብቻ እንደገና መተርጎም ይበቃል፤ ሠርግ ቤት አንዱ ድስት ጨው አነሰው ተብሎ ሁሉም ድስት አይደፋም። ቆሮሶ የፋይሎቹን ቀን እያየች፣ ከተተረጎመ በኋላ የተነካውን ለይታ፣ ያንን ብቻ ታስተረጉማለች። በምሠራበት የእርሻ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ሁሉንም ልተርጉም ካላችሁ ሐይቅ ዳር ወርዳችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ቆሮሶ ግን ከወንበራችሁ ሳትነሱ ታደርስላችኋለች።

ታዲያ የዓሣ ቅርጽ ምን አመጣው? ውድድሩ ነው ያመጣው። የኮሌጅ ጓደኛዬ ተስፋዬ ኦሎምፒያ አጠገብ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለው። እሱና መሰሎቹ፣ ፈረንጆች እንዲህ ያለ ጨዋታ እንዳላቸው ሰምተው፣ ውድድር አዘጋጁ። ፕሮግራሙ ከአንድ ስክሪን አይብለጥ፤ ቁም ነገር ይሥራ፤ ግን ዳኛ ቢያነበው ምን እንደሚሠራ እንዳይገባው ሆን ተብሎ ይወሳሰብ። ሽልማቱ ያገለገለ ኮምፒውተር ነበር፤ እኔም የጓጓሁት ለሱ ነው። የማታ ተማሪዎቼን የማስተምርበት አንድ ለእናቱ ኮምፒውተር ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ሂሳብ ክፍል እንዲሄድ ተወስኗል፤ እሱ ሲሄድ ክፍላችንም ይዘጋል። ከተማሪዎቼ ነርሷ፣ ሁለቱ አስተማሪዎችና የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊው መናኸሪያ ድረስ መጥተው ሸኙኝ። አንዳቸውም "አሸንፊልን" አላሉም። ቆርቆሮዋን ብቻ አይዋት፤ ይህ ደግሞ ከልመና ይብሳል።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ንጋት ላይ ተነሳ። ሻሸመኔ ስንደርስ ደልደል ያሉ፣ ፊታቸው ለሳቅ የቀረበ ሴት አጠገቤ ተቀመጡ። እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። ወሎ ሰፈር ቅቤና ቅመም የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ ከሻሸመኔ ገበያ የገዙትን ቅቤ በኮባ ጠቅልለው ከራሳችን በላይ ባለው የዕቃ መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት። "ይሄን ቅቤ ሸገር ላይ የሚጠብቀው ሰው ብዛት!" አሉኝ። እኔም ቆርቆሮዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እኔን የሚጠብቀኝ ሰው ብዛት ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

ዝዋይን አልፈን መቂ ስንቃረብ አውቶቡሱ ምድጃ ሆነ። የግንቦት ፀሐይ በመስኮቱ ይገባል፤ መስኮቱን የሚከፍት ቢኖር ንፋስ ይመታናል የሚል ይቆጣዋል። በዚህ ጉዳይ አዋሳም አዲስ አበባም አንድ ነን። ዲስኬቶቼ በሙቀት እንዳይጣመሙ ሰግቼ ቆርቆሮዋን ከፈትኩ። ሾፌሩ አህዮች ገብተውበት ፍሬን ሲይዝ ከላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ቀና ስል ሁለተኛው ግንባሬን መታኝ። የኮባው ማሰሪያ ላልቶ፣ የቀለጠው ቅቤ ቀጥ ብሎ ወደ ቆርቆሮዬ ወረደ። ክዳኑን እስክገጥም የላይኛው ዲስኬት በቅቤ ታጠበ።

"ወዮ ልጄን! ምን አበላሸሁብሽ? የዘፈን ካሴት ነው?" አሉ እትዬ ዘይነባ በድንጋጤ።

"ዓሣ ነው!" አልኳቸው። ንዴት ሲይዘኝ ቃል አልመርጥም።

ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ፣ "ዓሣ በቅቤማ ይስማማል" አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የላይኛው ዲስኬት ላይ የነበረው የሚነበበው ቆሮሶ ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙን እንደ ሰው፣ በስም በስሙ፣ ከነማብራሪያው ጻፍኩት፤ ከዚያ ነው እያጠፍኩና እያመሰቃቀልኩ ዓሣ ያደረግኩት። የታችኛው ዲስኬት፣ ዓሣዋ ራሷ ያለችበት፣ ደርቆ ተርፏል። የሚነበበው ሌላ ቅጂ አዋሳ መሥሪያ ቤት አለ፤ ክፍሉ ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዓሣዋ ከተረፈች የአሠራሯ ወረቀት ምን ያደርግልኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እትዬ ዘይነባ እስከ ደብረ ዘይት ድረስ በነጠላቸው ጫፍ ግንባሬን ሲጠርጉ ነበር። ሳሪስ ስንቃረብ፣ "የት ነው የምታርፊው?" አሉኝ። ኦሎምፒያ አካባቢ ርካሽ አልጋ እፈልጋለሁ አልኳቸው።

"እኔ ቅቤ ቀብቼሽ ሆቴል ልልክሽ? ወላሂ አላደርገውም! ቤቴ አልጋ ሞልቶ።"

"ኧረ አላስቸግርዎትም እትዬ።"

"ያስቸገርኩሽ እኔ። ውረጂ!"

ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ሻንጣዬን እሳቸው ያዙ፤ ቅቤያቸውን እኔ ያዝኩ። ቆርቆሮዬን ግን ለማንም አልሰጠሁም።

ወሎ ሰፈር የመዶሻ ሰፈር ነው። ጋራዡ አያልቅም፤ አንዱ ጎማ ይነፋል፣ አንዱ የተጣመመ በር ያቃናል፣ ሚኒባሶቹ ጥሩንባ እየነፉ ይሽቀዳደማሉ። በኛ ከተማ ትልቁ ጫጫታ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ነው፤ እዚህ ፈረስ ቢመጣ ደንግጦ ይመለሳል። እትዬ ዘይነባ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለቀቁልኝ። እራት ሲቀርብ ደግሞ በሰሃኑ ላይ ሥጋ የለም፤ ቆጮ፣ አይብ፣ በለጋ ቅቤ የተለወሰ ጎመን። "ሥጋው የኛው ነው፣ አንቺ አትበዪውም ብዬ" አሉ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አውቶቡስ ውስጥ አይተውት ኖሮ፣ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አስበውበታል። ስለ ዲስኬቱ የነበረኝ ቂም ከጎመኑ ጋር ግማሽ ያህሉ ወረደ።

ዓርብ

ከወሎ ሰፈር ኦሎምፒያ በእግር የሚደረስ ነው። አዋሳ ብሆን ታክሲ የሚባል ነገር አላስብም ነበር። እትዬ ዘይነባ ግን ወያላውን ጠርተው፣ "ይቺን ልጅ ኦሎምፒያ አውርዳት፣ እንግዳ ናት" ብለው አስጫኑኝ፤ ወያላውም እንግዳ መሆኔን ለተሳፋሪው ሁሉ እየነገረ ወሰደኝ። የቦሌ መንገድ ስፋቱ የኛን ዋና መንገድ ሁለት ጊዜ ይውጣል። አውሮፕላኖች ከጣራ በላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ቀና የሚል ሰው የለም፤ እኛ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ የሐይቅ ወፍ ዛፍ ላይ ሲያርፍ ቀና እንደማንለው መሆኑ ነው። እኔ ግን እያንዳንዱን ቀና ብዬ አየሁ፤ አንድ ጊዜም ከሰው ጋር ተጋጨሁ።

ተስፋዬ በር ላይ ተቀበለኝ። ኮሌጅ እያለን እንደነበረው አሁንም ከሲታ ነው፤ ሸሚዙ ብቻ ነው የከበረው። አቅፎ ሳመኝና አሸተተኝ። "ገኒ፣ ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ።"

"አትጠይቀኝ" አልኩት።

ማሠልጠኛው በተርታ የተደረደሩ ኮምፒውተሮች አሉት። የኛን አንዱን ምስኪን ሳስበው አዘንኩ፤ ሽልማቱ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ሳየው ደግሞ ልቤ ዘለለ። ተስፋዬ አንድ ማሽን ለቀቀልኝ። ለሙከራ ያመጣሁትን የመሥሪያ ቤታችንን የሰብል ፕሮግራም ከነትርጉሙ ጫንኩ፤ ከፋይሎቹ አንዱን ከፍቼ አንድ መስመር ለወጥኩ፤ ቆሮሶን ጠራኋት።

"ሥራ የለም" አለችኝ።

እንደገና ለወጥኩ፤ እንደገና ጠራኋት። ሥራ የለም። አዋሳ ላይ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብላ አታውቅም። ፋይሉን አበላሸሁት፤ ሆነ ብዬ የማይተረጎም ነገር ጻፍኩበት። ቆሮሶ ግን ሁሉም ነገር ደህና ነው ብላ ዝም።

ተስፋዬ አንገቱን ነቀነቀ። "ቅቤው ነው" አለ። "ወደ ታችኛውም ዘልቋል።"

ስህተቱን ልፈልግ ብዬ ዓሣዋን ስክሪን ላይ ዘረጋኋት፤ ጉዴ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ዳኞችን ላደናግር ብዬ የአንዱን ክፍል ስም የእንግሊዝኛውን ትንሹን ኦ፣ የሌላውን ትልቁን ኦ ብዬዋለሁ፤ መሀል ላይ ደግሞ እነሱኑ የሚመስሉ ዜሮዎች ረጭቻለሁ። ቀኑን የሚያነጻጽረው ክፍል ሆዷ ውስጥ ይሁን ጅራቷ አጠገብ ጠፋኝ። ዋናው ክፍል ራሱን መልሶ ይጠራል፣ ለምን እንደሚጠራ አላስታውስም። ዳኛ እንዳያነባት ብዬ የሠራኋትን ዓሣ እኔም ማንበብ አልቻልኩም። የሚነበበው ደግሞ በቅቤ ታጥቧል።

ተስፋዬ ሊያጽናናኝ ምሳ ጋበዘኝ፤ የአዋሳ ልጅ ናት ብሎ ደግሞ ዓሣ አዘዘ። የመጣው ዓሣ የመንገዱ ድካም ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። አጥንቱን እየለቀምኩ፣ የጻፍኳትንም ዓሣ እንዲህ አጥንት በአጥንት በለቀምኳት ብዬ ተመኘሁ። እውነቴን ነው፣ ማልቀስ አማረኝ። ውድድሩ እሁድ ነው፣ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ መናኸሪያ ላይ ቆርቆሮዋን ሲያዩ የነበሩት ዓይኖች ትዝ አሉኝ።

ማታ ወሎ ሰፈር ስገባ ሥራው እምቢ አለኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። እትዬ ዘይነባ ጥጥና አልኮል ይዘው መጡ፤ ጋራዥ ያሉት ልጆች ካሴት በአልኮል ይጸዳል ብለዋቸዋል። አብረን ዲስኬቱን ወለወልነው፣ እሳቸው ሕፃን እንደሚያጥቡ ቀስ ብለው። ይሠራል ብዬ አላመንኩም፤ ግን ጥጡን እየነከርኩ አቀበልኳቸው።

"ነገ ጉርድ ሾላ አራስ ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ ልጄ ሰሚራ ወልዳለች" አሉኝ። "አብረሽኝ ትመጫለሽ።"

"ሥራ አለብኝ እትዬ።"

"ሥራሽ እምቢ ብሎሻል አይደል? እስኪለምንሽ ድረስ ተይው።"

ቅዳሜ

ማሠልጠኛው እስከ ከሰዓት በኋላ በሠልጣኞች የተያዘ ስለሆነ ሰበብ አልነበረኝም። በኡራኤል አድርገን መገናኛ፣ ከመገናኛ በሌላ ታክሲ ጉርድ ሾላ ደረስን። ወደ ምሥራቅ በሄድን ቁጥር ከተማው እየሳሳ፣ አዳዲስ ቆርቆሮ ጣራና ያላለቀ ግንብ እየበዛ መጣ። ጉርድ ሾላ ላይ ላሞች ከግንበኞች ጋር መንገድ ይጋፋሉ። እዚህስ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ሐይቁ ብቻ ነው የጎደለው።

ሰሚራ ፊቷ በቅቤ ወዝቶ አልጋ ላይ ተደግፋለች፤ ጨቅላዋ እቅፏ ውስጥ ተኝታለች። የሰሚራ ባል ከድር ሾፌር ነው። ናይሮቢ ለብዙ ጊዜ ሠርቶ በቅርቡ የተመለሰ፣ ነገሩን ሁሉ በቀልድ የሚጀምር ሰው ነው። ያመጣነውን ቅቤ ተቀበለን፤ ገንፎ መሀሉ በቅቤ ተሞልቶ ቀረበ። ቅቤ ማየት ቢሰለቸኝም ሁለት ጊዜ ጎረስኩ፤ ያለዚያ የሚለቀኝ የለም።

ጎረቤት የሆኑ አንዲት እናት ከድርን፣ "ታላቅየው መቼ ነበር የተወለደው?" አሉት።

"እሱማ ናይሮቢ ነው፤ በዘጠና ሦስት" አለ ከድር። ከዚያ ጨቅላዋን አየና ሳቁ መጣበት። "ይቺ ደግሞ ዘንድሮ፣ በሰማንያ ስምንት! ጉድ ነው እኮ! ስታድግ፣ 'አምስት ዓመት እበልጥሃለሁ፣ ውሃ አምጣልኝ' ትለዋለች።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰሚራም ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ገንፎ የያዘ እጄ አየር ላይ ቀረ።

አዋሳ ያለው ኮምፒውተራችን ከውጭ በእርዳታ የመጣ ነው፤ ውጤቱም ለፈረንጆች ስለሚላክ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተሞላው። የተስፋዬ ማሽኖችስ? በኛ አቆጣጠር ቢሆኑስ? ትናንት ያስተካከልኩት ፋይል ሰማንያ ስምንት ተብሎ ተጽፏል፤ ከአዋሳ ያመጣሁት ትርጉም ግን ዘጠና ስድስት ይላል። ቆሮሶ ሁለቱን አየቻቸው፤ አዲሱ ፋይል የአሮጌው ታላቅ ሆነባት። ሥራ የለም ብትል ምን ይፈረድባታል? ዓሣዬ አልታመመችም። ቅቤውም ጥፋት የለበትም።

ብድግ አልኩ። "እትዬ፣ መሄድ አለብኝ! ገባኝ!"

"ቁጭ በይ" አሉ እትዬ ዘይነባ። "የአራስ ገንፎ ሳይጨርስ የሚወጣ እንግዳ የለም።"

"እትዬ ይሙቱ፣ እቸኩላለሁ!"

"ቶሎ ብዪና ቶሎ ሂጂ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ገንፎ በልቼ አላውቅም። ምላሴ ተቃጠለ። ከድር እየሳቀ እስከ ታክሲው ሸኘኝ፤ ምን እንደገባኝ ስነግረው፣ "ልጄ ገና በሳምንቷ ሰው አስተማረች በለኛ!" ብሎ መንገዱ ላይ አጨበጨበ።

ኦሎምፒያ ስደርስ ሠልጣኞቹ እየወጡ ነበር። ሳላንኳኳ ገብቼ የፋይሎቹን ዝርዝር አስወጣሁ፤ እስከዚያ ቀን ስማቸውን እንጂ ቀናቸውን አላየሁም ነበር። አንዱ 88፣ የቀረው 96። ተስፋዬን ኮሌታውን ይዤ ስክሪኑ ፊት አቆምኩት።

"አዎ በኛ ነው የሞላነው" አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። "ጸሐፊዎች ነው የምናሠለጥነው፤ ደብዳቤ ላይ ማሽኑ ራሱ ቀን ያስገባል፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ የፈረንጅ ቀን አይቀበልም።"

"ጳጉሜ ሲመጣስ? ማሽኑ ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም እኮ!"

"ጳጉሜ ላይ ዕረፍት ነን" አለ ኮስተር ብሎ።

እንዲህ ስቄ አላውቅም፤ ወንበር ላይ ወደቅኩ። ተስፋዬ የማሽኑን ቀን ወደ ፈረንጅ ልመልሰው ይሆን ብሎ አሰበና ራሱ ተወው። የውድድሩ ደንብ ተወዳዳሪ የማሽኑን ቀንም ሆነ ሌላ ነገር እንዲነካ አይፈቅድም፤ ዳኛው ደግሞ የራሱን የመሞከሪያ ፋይሎች ከመሥሪያ ቤቱ ይዞ ይመጣል። ፋይሎቹ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚመጡ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ቆሮሶ ራሷ ሁለቱንም መቻል አለባት።

ዓሣዋን በወረቀት አትመን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናት። እኔ ከራሷ፣ እሱ ከጅራቷ ጀምረን በእርሳስ እያሰመርን መጣን። ተስፋዬ፣ "ይህቺን የጻፈ ሰው መታሰር አለበት" እያለ፣ እኔም "ትልቁን ኦ ተከተለው፣ ዜሮውን እለፈው" እያልኩ፣ ሆዷ ሥር ተገናኘን። ቀኖቹ የሚነጻጸሩት እዚያ ነበር። የጨመርኩት ነገር ትንሽ ነው፦ ፋይሉ ከትርጉሙ በብዙ ዓመት ያነሰ መስሎ ከታየሽ አትመኚው፤ አቆጣጠሩ ሌላ ነውና አስተርጉሚው። ለዚህ የጨመርኳቸው ጥቂት ምልክቶች ግን ከሆዷ መስመር ወጥተው አበጡ፤ ቅርጿ ተበላሸ። ልሰርዛቸው ስል ተስፋዬ እጄን ያዘ።

"ተዪው ገኒ። ክንፍ ነው።"

አየሁት። እውነትም ቆሮሶ ክንፍ ያስፈልጋት ነበር፤ የሐይቅ ዳር ልጅ ሆኜ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ያስተካከልኩትን የሰብል ፋይል ሰጠኋትና ጠራኋት። እሱን ብቻ አስተረጎመች፤ ሁለተኛ ስጠራት ሥራ የለም አለች። ይህን ጊዜ ግን እውነቷን ነው።

እሁድ

እሁድ ረፋዱ ላይ ማሠልጠኛው በሰው ሞላ። እትዬ ዘይነባ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ከድርን አስከትለው መጥተው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። የባንክ ሠራተኛ የሆነ ወጣት ዜማ የሚጫወት ፕሮግራም አቀረበ፤ ሰው አጨበጨበ፤ እኔም እያጨበጨብኩ በሆዴ ፈራሁ። ሌላው ተወዳዳሪ ያቀረበውን ዳኞቹ ገና ሳያሠሩት አንብበው ምን እንደሚሠራ ስለተናገሩ ወደቀ።

ተራዬ ደረሰ። ዋናው ዳኛ ሽበታም ኢንጂነር ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነው የሚያነቡት። ቆሮሶ ስክሪኑን ሞላችው።

"ይሄማ ዓሣ ነው!" አሉ እትዬ ዘይነባ ጮክ ብለው። አዳራሹ ሳቀ።

"ዓሣነቷን እኔም አይቻለሁ እመቤት" አሉ ኢንጂነሩ። "ምን እንደምትሠራ ነው ያቃተኝ።" ወደ ላይም ወደ ታችም ገፍተው አነበቧት፤ ከሌሎቹ ዳኞች ጋር ተንሾካሾኩ፤ በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ የራሳቸውን ዲስኬት አስገቡ፣ አንዱን ፋይል እዚያው አስተካከሉና ቆሮሶን ጠሯት።

ስክሪኑ ጨለመ። ቆየ። እትዬ ዘይነባ ከመቀመጫቸው ተነስተው እጄን እንደያዙኝ ያወቅኩት በኋላ ነው። ከዚያ አንዲት መስመር ወጣች፤ የተነካው ፋይል ብቻ ተተረጎመ። ኢንጂነሩ መልሰው ጠሯት፤ ሥራ የለም አለቻቸው። እሳቸው ግን አልረኩም። ዝርዝሩን አስወጥተው ቀኖቹን አዩ፤ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

"የኔ ፋይሎች ዘጠና ስድስት ናቸው፤ ይህ ማሽን ሰማንያ ስምንት ላይ ነው። ይሄ ነገር በኛ ቢሮ ሳምንት ሙሉ አንከራቶናል። ይህቺ ዓሣ እንዴት አወቀች?"

በክንፏ ነው ብዬ ክንፏን አሳየኋቸው፤ ታላቅ ወንድሟን ስለምትበልጠው የጉርድ ሾላ ጨቅላም ነገርኳቸው። ከድር ከመቀመጫው ተነስቶ፣ "አባትየው እኔ ነኝ!" አለ። ኢንጂነሩ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ዳኞቹም ብዙ ሳይመክሩ ስሜን ጠሩ።

ስሜን ስሰማ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እትዬ ዘይነባ ደግሞ እልል አሉ። ተስፋዬ ጨርቁን ገፎ ኮምፒውተሩን ሲያስረክበኝ በጆሮዬ፣ "አንድ ጉድለት አለበት" አለኝ። "ቀኑን የሚይዘው ባትሪ ሞቷል። በከፈትሽው ቁጥር ዛሬ ስንት ቀን ነው ብሎ ይጠይቅሻል።" እኔ ግን ደስታ አደንቁሮኝ ስለነበር ነገሬም አላልኩት።

ሰኞ

መናኸሪያ ድረስ ከድር ነው ያደረሰን። ዋናው ሣጥን የራሱ ወንበር ተገዛለት፤ ስክሪኑን ታቀፍኩት። እትዬ ዘይነባ በደንብ የተከደነ አንድ ባልዲ ለጋ ቅቤ አመጡልኝ። አመስግኜ ተቀበልኩና፣ አውቶቡሱ መጨረሻ ወንበር ሥር አስቀምጠው ብዬ ረዳቱን ለመንኩት። እትዬ ዘይነባ ይህን አይተው ሳቁብኝ። "ይሄኛው አይፈስም፤ እኔው ራሴ ነኝ ያሰርኩት" አሉ። ሲስሙኝ ሁለታችንም ቅቤ ቅቤ ሸተትን፤ ቶሎ እንድመለስ አስማሉኝ፤ እኔም ማልኩ።

መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ሙቀቱም ያው ነው። እኔ ግን እንደ ሄድኩ አልተመለስኩም፤ በየከተማው አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር መስኮቱን ከፍቼ ለማንም ለምንም ሰላምታ እሰጥ ነበር። አዋሳ ስንገባ ፀሐይዋ ገና ሐይቁ ላይ ናት። ተማሪዎቼ ምናልባት ብለው ጋሪ ተከራይተው ይጠብቃሉ። ሣጥኑን ሲያዩ ነርሷ አፏን ይዛ ቁጭ አለች፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ፈረሱን አቀፈው።

ክፍላችን ገብተን፣ ገመዱን ገጥመን፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ ጉር ጉር አለ፤ ስክሪኑ በራ፤ ከዚያም ተስፋዬ እንዳለው የዛሬውን ቀን ጠየቀ።

"ግንቦት በይው፣ ሰማንያ ስምንት" አለች ነርሷ።

"ኧረ የፈረንጁን ነው የሚፈልገው" አለ አንዱ አስተማሪ። ሁለተኛው አስተማሪ አልተስማማም፤ ጸሐፊው ሁለቱንም ተቃወመ፤ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ገበያ ሆነ። በመጨረሻ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሐሙስ መናኸሪያ ላይ ቆርቆሮዋን ያዩባት ዓይን ናት፤ አሁን ግን ትስቃለች።

"ደስ ያላችሁን ጻፉ" አልኳቸው። "ዓሣዋ ክንፍ አውጥታለች።"

ነርሷ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፣ ሰማንያ ስምንት ብላ ጻፈች፣ ትምህርታችንም ካቆመበት ቀጠለ።